በግ ያወጣው የጉዞ ዕቅድ

የስልክ ካርታ ወገብ የለውም። ከአዲስ አበባ ሆሳዕና በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ይላል፤ እውነቱን ነው። አምስት ሰዓት አይሞላም ይላል፤ ለሚኒባስ ሹፌር ይህም ውሸት አይደለም፤ እንዲያውም ሹፌሩ እንደ ስድብ ሊቆጥረው ይችላል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ላይ ተፈናጦ ለሚሄድ ሰው ግን መንገዱ የሚለካው በሌላ ነው። ቂጥ የት ላይ ደነዘዘ? ዝናቡ የት ያዘ? ቤንዚን የት ጠፋ? ከብቱ ስንት ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ገባ? ይህን ካርታው አያውቅም። የአጎቴ ልጅም አያውቅም ነበር።

የአጎቴ ልጅ የባንክ ሠራተኛ ነው። ሠንጠረዥ ሳያሰምር ውሃ አይጠጣም። አዲስ ቦክሰር 150 ገዝቶ «ጋሼ፣ የዘንድሮን መስቀል አገር ቤት በሞተር እንግባ» ብሎ ሲመጣ ዕቅዱን በደብተር ገጽ ላይ በማስመሪያ አሰናድቶ ነበር። 12፡00 ከዓለም ገና መነሻ፤ 1፡00 ጢያ፤ 2፡00 ቡታጅራ፤ ቁርስ 15 ደቂቃ፤ 2፡50 ወራቤ፤ 4፡00 ሆሳዕና። በማግስቱ ደግሞ አንድ ዙር አስቦልናል፦ ሆሳዕና፣ ዶዮገና፣ አረካ፣ ሶዶ፣ ሾኔ፣ ሃላባ ቁሊቶ፣ ዱራሜ፣ አንጋጫ፣ ተመልሶ ሆሳዕና። በአንድ ቀን። በመሃል ዘመድ መጠየቅም አለበት፤ ለእያንዳንዱ ዘመድ ሃያ ደቂቃ ተመድቦለታል። በሀዲያና በከምባታ ምድር ዘመድ ቤት ገብቶ በሃያ ደቂቃ የወጣ ሰው ካለ ተጣልቶ የወጣ ነው።

«ሽንታችንን የት ነው የምንሸናው?» አልኩት።

ደብተሩን አገላበጠና «ቡታጅራ» አለኝ።

አላማረኝም። እሱ ግን መከራከሪያውን ይዞ ነው የመጣው። አሜሪካ ውስጥ «አይረን በት» የሚባል የሞተረኞች ማኅበር አለ፤ 1,000 ማይል፣ በእኛ 1,609 ኪሎ ሜትር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለጨረሰ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ደርሶ መመለስ ማለት ነው፤ ጥቂትም ይተርፋል። ሰው ይህን ያህል ሮጦ ወረቀት ብቻ ይዞ መመለሱ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ቢያንስ ከሞያሌ ዕቃ ይዞ ይመጣል። እኔ በበኩሌ ቴድ ሳይመንን ጠራሁበት። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ እንደ ፈረንጆቹ በ1973 በትራያምፍ ሞተር ዓለምን ሊዞር ወጥቶ አራት ዓመት ፈጀበት። 45 አገር አየ፤ በእኛም አገር አልፏል፤ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነድቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ለአራቱ ዓመት ቀናት ሲካፈል ግን በቀን ሰባ ኪሎ ሜትር ነው የሚመጣው፤ ከዓለም ገና ጢያ ያህል። ዓለምን የዞረው ሰው ከጢያ እያደረ ነው የዞረው! «እሱማ ሥራ ስለሌለው ነው፤ እኛ ዓመት ፈቃዳችን አጭር ነች» አለኝ የባንክ ሠራተኛው። ባንክ ቤት እንደዚህ ነው፤ አማካይ ስታሳያቸው ወለድ ያስባሉ።

የእኔ ሞተር አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ናት። የግብርና ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቃታል፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት፣ ካቴናዋ በመሸፈኛ ተዘግቶ ጭቃ አይነካውም፣ ማቆሚያ እግሯም በግራም በቀኝም ነው። ለከብት አርቢ ገበሬ ታስባ የተሠራች ስለሆነች ፍጥነት የሚባል ነገር አልተነገራትም። ስልሳ ላይ ስትደርስ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች፤ ሃምሳ አምስት ላይ ትዘፍናለች። ከምባታ ውስጥ በልማት ሥራ ላይ ሳለሁ የመሥሪያ ቤት ዲቲ ሞተር ነበር የምነዳው፤ ዲቲ ረጅም ናት፣ ከጉድጓድ ታወጣለች፣ ኩላሊትን ግን አትምርም። ያን ጊዜ ከአንድ የቀድሞ የክትባት ሠራተኛ የተማርኩት አንድ ብልሃት አለ፤ መቀመጫው ላይ አጎዛ አንጥፎ ማሰር። የበግ ቆዳ ከነጸጉሩ ሲሆን አየር ያሳልፋል፣ ላብ ይመጥጣል፣ ሰውነት ከስፖንጁ ጋር አይጣበቅም። ኋላ እንደሰማሁት ፈረንጆቹ ረጅም መንገድ ነጂዎችም ይህንኑ ነው የሚያደርጉት፤ የእነሱ አጎዛ ግን ተለክቶ ተሰፍቶ በብዙ ገንዘብ ይሸጣል። የአጎቴ ልጅ አጎዛዬን አይቶ «ጋሼ፣ የቆሎ ተማሪ መሰልክ» ብሎ ሳቀብኝ።

ወጣን። 12፡00 የተባለው 1፡30 ሆነ፤ ምክንያቱን አልናገርም፤ ሠንጠረዡ ግን ገና ከቤት ሳንወጣ ታመመ። በመስቀል ሳምንት የቡታጅራ መንገድ የሰው ወንዝ ነው፤ ጉራጌው፣ ስልጤው፣ ሀዲያው፣ ከምባታው ሁሉ በዚያች አንዲት አስፋልት ነው አገሩ የሚገባው። አውቶቡሱ ከነፍራሹና ከነሶፋው ያልፍሃል። አደይ አበባው ግራና ቀኙን ይዞታል፣ ጤፉ ገና ለጋ ነው፣ አየሩ ደግሞ ከረጋ ዝናብ የወጣ ስለሆነ ደረትን ያጥባል። የአጎቴ ልጅ አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ስንሻገር «ቡታጅራ እንገናኝ» ብሎ በዘጠና ተፈተለከ። እኔ ጢያ ላይ ወረድኩ። እነዚያን 36 ትክል ድንጋዮች ስንቴ እንዳየኋቸው ለራሴም አይቆጠርም፤ ዩኔስኮ በ1980 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከመዘገባቸው ወዲህ አጥር ተደርጎላቸዋል። ሰይፍ የተቀረጸባቸውን አንድ በአንድ እያየሁ ዞርኩ። እውነቱን ለመናገር የወረድኩት ለታሪክ ብዬ ሳይሆን ለጉልበቴ ብዬ ነው፤ ነገር ግን ጉልበት ሲያመው ታሪክ የሚያይ ሰው ከሁለቱም ይጠቀማል።

ቡታጅራ ስደርስ ሰውዬው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ከደረሰ ቆይቷል። የያዘው ብርጭቆ ግን ስኒ ማስቀመጫው ላይ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል። እጁ ነው። ቦክሰሩ በዘጠና ሲነዳ መሪው የሚልከው ንዝረት ክንዱ ውስጥ ገብቶ አልወጣም፤ ሁለት ጣቱ ነጭ ሆኗል፣ ስኳር በማንኪያ ለማንሳት ሞክሮ ጠረጴዛው ላይ በትኖታል። ለንብ ነው የተረፈው። መሪውን አንቆ ይዞ ነው የመጣው፤ እጅን ላላ አድርጎ መያዝ፣ በየጊዜው እግር መርገጫው ላይ ቆም ብሎ ደም ማዘዋወር፣ ትከሻን መጣል የሚባል ነገር አልሰማም። ቤንዚን ደግሞ የለም። ማደያው በር ላይ የባጃጁና የሞተሩ ሰልፍ ተጠማዞ ሄዷል፤ ከሰልፉ ጎን አንድ ልጅ በሃይላንድ የሞላ ቤንዚን በፌስታል ሸፍኖ «አለ፣ አለ» ይላል፤ ዋጋውን ሲናገር ዓይኑን ወደ ሰማይ ያደርጋል።

ሂሳቡን ለባንክ ሠራተኛው ትቼዋለሁ፤ ግን ይኸውላችሁ። እሱ በዘጠና ነዳ፣ እኔ በሃምሳ አምስት። እሱ ቀድሞ ደርሶ ለዘጠና የሚሆን ቤንዚን አቃጥሎ ስለነበር ሰልፍ ያዘ፤ እኔ ታንኬ ገና ግማሽ ነው። እሱ እጁ እስኪመለስ ሁለት ሻይ ጠጣ፣ እኔ አንድ። ከቡታጅራ የወጣነው አብረን ነው።

ከቡታጅራ በኋላ በቀኝ በኩል የዘቢዳር ተራራ ጭጋግ ለብሶ ይሸኛል። ወራቤ ሳንደርስ ዝናቡም ምስማሩም አብረው መጡ። የቦክሰሩ የኋላ ጎማ እንደ እባብ ሄደ ሄደና ቆመ። የጎሚስታው ቤት ቅርብ ነበር፤ እግዚአብሔር ለሞተረኛ ሲያዝን የሚያዝነው እንደዚህ ነው። ጎሚስታው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጎማውን ሲያወጡ፣ የውስጥ ጎማውን ነፍተው ባሊ ውሃ ውስጥ እየነከሩ አረፋ ሲፈልጉ፣ ቀዳዳውን በእስክሪብቶ ሲያከብቡ፣ በሞረድ ሲፍቁ፣ አንዴም ቀና አላሉም። ማስቲሽ ቀብተው ሲያበቁ ግን መለጠፊያውን አልለጠፉም። ተቀመጡ። «ምን እንጠብቃለን አባባ?» አለ የአጎቴ ልጅ፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። «ማስቲሹ ይድረቅ እንጂ! እርጥቡ ላይ የለጠፍኩት እንደሆነ ሆሳዕና ሳትደርስ ነው የምትመለስብኝ» አሉት። በጣታቸው ጀርባ ዳሰስ አደረጉት፣ ገና ነው። እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ ለጥፈው በመዶሻ ጀርባ ደጋግመው ቀጠቀጡት። ከዕቅዱ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ሲቀደድ በዓይኔ አየሁ።

አሁን ወደማልወደው ሰዓት ደረስን። እኔ በሞተር ስጓዝ የቀን ርቀቴን በኪሎ ሜትር አልቆርጥም፤ ከብት ከመግባቱ በፊት ማደሪያዬ መድረስ አለብኝ፣ በቃ። ከአስር ሰዓት በኋላ መንገዱ የነጂ አይደለም። ከብቱ ከግጦሽ ወደ ቤቱ ያቀናል፣ ጋሪው ከገበያ ይመለሳል፣ ሕፃናት ከትምህርት ቤት ይለቀቃሉ፣ አህያዋ ነጩን መስመር ደስ ብሏት ትይዛለች። አገራችን ደግሞ ምሽቷ አጭር ነው፤ ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ዘቅ አለች ማለት ጨለማው በሩን አንኳኩቶ አይገባም። የስልጤን መሬት አልፈን የሀዲያ ስንዴ ማሳ ውስጥ ስንገባ መሽቷል። ፊት ለፊት አንድ መብራት ይመጣል፤ ሞተር ነው ብለህ ስትጠጋው አንድ ዓይኑ የጠፋ አይሱዙ ይሆናል። ከኋላችን ሚኒባስ ጡሩምባውን ይነፋል። የአጎቴ ልጅ ዘጠናውን ትቶ የእኔን የኋላ መብራት እያየ በሠላሳ ነው የተከተለኝ፤ አንድም ቃል አልተናገረም። አንድ በሬ መንገዱ መሃል ቆሞ ለረጅም ጊዜ ተያየን። እኛ ነን ያሳለፍነው፣ እሱ አይደለም።

ሆሳዕና የገባነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ ነው። ደብተሩ ላይ 4፡00 ይላል፤ የጠዋቱ አራት ሰዓት።

ሆሳዕና ድሮ የማውቃት ከተማ አይደለችም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው እዚህ ሆኗል፤ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መንገዱን ሞልቶታል፤ ፎቁ በየአቅጣጫው ይበቅላል። ፎቁን ማን እንደሠራው ማንንም ብትጠይቅ ወደ ደቡብ ያመለክትሃል፦ ደቡብ አፍሪካ። እዚያ ሱቅ ከፍተው የሚውሉ ልጆች ገንዘብ ነው። ያደርንበት ቤት ባለቤት አታካና ይዘው ጠበቁን። ቡላ፣ ቅቤ፣ አይብ በአንድ ላይ ተነኩሮ ሲቀርብ እንዴት እንደሚያደርግ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ያልቀመሰ ደግሞ መንገድ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ይታገስና ይምጣ። የቅቤው ጉድጓድ መሃል ላይ ነው፤ ከዳር እየጠቀሱ ወደ መሃል ይነከራል። የአጎቴ ልጅ እጁ አሁንም ስለሚንቀጠቀጥ እትዬ አጎረሱት። ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ነው።

በማግስቱ ዙሩን እንቀንስ ብዬ ለመንኩት። «ሶዶን ብቻ ነው የምቀንሰው» አለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትለኝ ከሆነ፣ ጋሼ፣ እንቁላሉን ትናንት ቁርስ ላይ በልቼዋለሁ።» እግዜር ይስጣት ዶዮገና አዳነችኝ። የገበያ ቀን ነበር።

የዶዮገና በግ የታወቀ ነው። ግዙፍ ነው፣ ጅራቱ ሰፊ ነው፣ ዝርያውን ለማሻሻል ገበሬዎቹ ማኅበር አቋቁመው አውራውን እየመረጡ ነው የሚያራቡት። የአጎቴ ልጅ አንዱን አውራ በግ ሲያይ ዓይኑ ቀረ። ዱራሜ አካባቢ ላሉት የእናቱ እህት ለበዓል ይዞ ሊገባ ነው። ሠንጠረዡ ላይ በግ የለም አልኩት። «ጭነት ነው፤ ጭነት ጊዜ አይፈጅም» አለ። የቦክሰሩ መቀመጫ ጀርባ ግን ጠባብ ነው። ሁለታችንም ወደ ኤጂዋ ዞርን። እሷም የኋላ ፖርቶመጋላዋን ይዛ ቆማለች፤ ለዚህ ነው የተሠራችው።

ባለ በጉ ሽማግሌ ገንዘቡን ከመቀበላቸው በፊት ሞተሩን ዙሪያውን አዩት። ከዚያ እኔን። «ስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት?» አሉኝ።

«ሁለት ሰዓትም አይሞላም።»

«እግሩን አስራችሁ ሁለት ሰዓት ልትሄዱ? አልሸጥም።»

ተለመኑ። የበዓል ዋዜማ መሆኑ ተነገራቸው። በመጨረሻ በአንድ ቃል ኪዳን ተስማሙ፤ በየግማሽ ሰዓቱ አውርደን፣ እግሩን ፈተን፣ ሣር አስግጠን፣ ውሃ ካገኘን አጠጥተን ነው የምንሄደው። በማርያም አስማሉን። የማዳበሪያ ከረጢት ተገኘና በጉ አንገቱ ብቻ ወጥቶ ተከተተ፤ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቀደደ ማሰሪያ ከፖርቶመጋላው ጋር አሰርነው። ስንነሳ ትከሻዬ ላይ አገጩን አሳረፈ። ካላወረድነው በቀር እስከ ዱራሜ ድረስ አላነሳውም።

የውስጥ ለውስጡን ጠጠር መንገድ ይዘን ወደ አንጋጫ አቀናን። ያ አገር የእንሰት አገር ነው፤ ቤቱ ከእንሰቱ ውስጥ ነው የሚታይህ፣ እንሰቱ ከቤቱ ይረዝማል፣ ከደጃፉ አንስቶ እስከ መንገዱ ድረስ ደግሞ አጭር ሣር ያለበት ሜዳ ይዘረጋል። በየግማሽ ሰዓቱ ቆምን። የመጀመሪያው ላይ የአጎቴ ልጅ ሰዓቱን እያየ ይንጎራደድ ነበር። በጉ ሣሩን ይግጣል፣ ሕፃናት ይሰበሰባሉ፣ አንዱ «ሞተሩ የማን ነው?» ሲል ሌላው «የበጉ ነው» ይለዋል። በሁለተኛው ላይ የአጎቴ ልጅ ተቀመጠ። በሦስተኛው ላይ ጫማውን አውልቆ ሣሩ ላይ በጀርባው ተኛ። አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ቆጮ እየከተፉ ነበር፤ ጉድጓድ የከረመውን ከእንሰት ቅጠል አውጥተው ጣውላ ላይ አድርገው ቃጫው እስኪጠፋ በሰፊ ቢላ ይመቱታል፣ የተረፈውን ክር በጣታቸው እየመዘዙ ይጥላሉ፣ እንደገና ይመቱታል። የአጎቴ ልጅ ይህን እያየ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ አየው። አይንቀጠቀጥም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ወገቤን አላመመኝም» አለ በመገረም።

ሃያ ምናምን ዓመት ሞተር ነድቼ በየሰዓቱ ውረድ፣ ተንጠራራ፣ ውሃ ጠጣ ብዬ ስመክር የሰማኝ ዘመድ የለም። በግ ሲያዝዝ ይሰማል።

በአራተኛው ዕረፍታችን ላይ ዝናብ መጣ። መስከረም ሊያልቅ ነው ብሎ የሚያፍር ዝናብ አልነበረም፤ የቀረውን ሁሉ በአንድ ቀን ሊጨርስ የመጣ ነው። አንድ አባት ከደጃቸው ጠርተው አስገቡን፤ በጉም አብሮን ገባ፤ ከከብቶቹ ጎን ታሰረ። እሳት ተነደደ፣ ቡና ተቆላ፣ ቆጮው በምጣድ መጣ። ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁን። የአጎቴ ልጅ ረጅም ጉዞ ላይ መሆናችንን፣ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ድረስ በሞተር መምጣታችንን ነገራቸው፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት። እሳቸው ሳቁ። ልጃቸው ጆሃንስበርግ ነው። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ አድርጎ፣ ከፊሉን በጭነት መኪና ሆድ፣ ከፊሉን በእግሩ። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አያውቁትም፤ የሚያውቁት ስልክ ሳይደወል የቀረበትን ጊዜ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ 64 ኢትዮጵያውያን ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ሲገኙ ልጃቸው ከደረሰ ቆይቶ ነበር፤ ሆኖም ሬዲዮኑን ከሰሙ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ደጅ ቆመው እንዳደሩ ነገሩን። በዚያ ቤት ውስጥ የእኛን 230 ኪሎ ሜትር ዳግም ያነሳ የለም። ደብተሩ ከኪስ አልወጣም።

«አድራችሁ ነው የምትሄዱት» አሉን። አደርን። ያን ቀን የሄድነውን መንገድ በእግሬ ብነሳ ለምሳ የምደርስበት ይመስለኛል።

ጠዋት በአንጋጫ በኩል አድርገን ወደ ዱራሜ ወረድን። ከተማው መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። መንጃ ፈቃድ አየ፣ ሊብሬ አየ፣ ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ወደ በጉ ዞረ። «ይሄ ተሳፋሪ ሄልሜት የለውም» አለ። በጉ አገጩን ከትከሻዬ ሳያነሳ አየው። ፖሊሱ ቀጥሎ የተቀመጥኩበትን አጎዛ አየና «አንዱን ቁጭ ብለህበታል፣ ሌላውን አዝለኸዋል፤ በግ ምን አድርጎህ ነው?» አለኝ። ማሰሪያውን ግን በእጁ ጎተት አድርጎ አጠበቀልን፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ የፊት ጎማው ይቀላል፣ ዳገት ላይ መሪው አይታዘዝም አለ። ትክክል ነው። አንጋጫ ዳገት ላይ መሪዋ እንደ ቄጠማ ስትሆንብኝ ለምን እንደሆነ ሳስብ ነበር።

ዱራሜ ላይ ነገሩ ሁሉ በዓል ነው። ከምባታው መሳላን፣ ሀዲያው ያሆዴን የሚያከብረው በአንድ ሰሞን ነው፤ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ቅቤ ይወጣል፣ ወንዶቹ ያዋጡበት ሰንጋ ይጣላል። ስለ በዓሉ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ በልቼ ተኝቻለሁ። የአጎቴ ልጅ ግን በሦስተኛው ቀን ሐምበሪቾን ካልወጣሁ አለ። ተራራው ላይ 777 ደረጃ ተሠርቶለታል። ከመሬት ስታየው ደረጃው ደመና ውስጥ ይገባል። ወጣቱ በሩጫ ጀመረ፤ እኔ ከታች ያለች አንዲት ባለ ቡና ጋ ተቀምጬ ቁልቁል የሚመለሰውን ሰው ፊት ማየት መረጥኩ። ሲመለስ «ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?» አልኩት። አልለካውም። እየቆመ ነው የወጣው። «መቶ ደረጃ፣ ዕረፍት፣ መቶ ደረጃ፣ ዕረፍት» አለኝ፤ አፉ ላይ ሣር ይዟል።

መመለሻችን ቀላል ይሆናል ብለን ነበር፤ በጉ የለም። ሠንጠረዡም እንደገና ወጥቷል፤ አሁን ተምሯል፣ ሆሳዕና አንድ አዳር፣ ቡታጅራ አንድ አዳር ይላል። ይህን ስናሰላ የእናቱ እህት ከጓዳ ብቅ አሉ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ፣ የሕፃን ልጅ ቁመት ያለው ነገር ታቅፈዋል። ለአዲስ አበባ ዘመዶች የተላከ ለጋ ቅቤ ነው። ሁለተኛው ጥቅል ከኋላ መጣ። ቆጮውም መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ይቀልጣል» አልኩ። ኤጂዋ ባለ ሁለት ምት ሞተር ናት፤ ሰውነቷ ሲሞቅ ሙቀቱ ወደ ኋላ ነው የሚነፍሰው።

«ፀሐይ ሳይወጣ ተነሱ። አራት ሰዓት ሲሆን ጥላ ሥር ግቡ፤ ቅጠሉ ላይ ውሃ አርከፍክፉበት። ሲበርድ ደግሞ ሂዱ። ማን ቸኩል አላችሁ?»

የአጎቴ ልጅ ደብተሩን አውጥቶ ሆሳዕና የሚለውን ሰረዘ፤ እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ አድርጎ ትንሽ አሰበ፤ ስልኩን ከፈተ። በመኪና፣ በእግር፣ በአውቶቡስ የሚሉትን ምርጫዎች አንድ በአንድ ነካካ። «በቅቤ የሚል የለውም» አለኝና ቃጫውን እንዳጠብቅለት ጥቅሉን አቀበለኝ።